ግሉኮስ ምግብ አይደለም፦ አንጀቱ ያጠረ ሕፃን ወሎ ውስጥ ምን ይበላል?

«ዛሬስ ምን በላ?» ብዬ ስጠይቃት እናትየዋ በአገጯ ወደ ላይ አሳየችኝ፣ ብረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ግሉኮስ። «ይኸው ሲስተር፣ እየበላ ነው እኮ» አለችኝ። ልጁ 19 ቀኑ ነው፣ 2.6 ኪሎ፣ ከለጋምቦ ነው የመጡት፣ ከአቀስታ ወዲያ ካለ ቀበሌ። አንጀቱ ተጠማዝዞ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶለታል፣ ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ ራውንድ ላይም ኦፕሬሽኑ ተሳክቷል ተብሏል። ግን ልጁ ስድስት ቀን ሙሉ ምንም አልበላም። ስድስት ቀን ስኳር ውሃ በደም ስሩ ሲንጠባጠብለት እናቱም፣ አያቱም፣ እውነቱን ለመናገር እዛ ክፍል ከምንሰራውም ግማሾቻችን፣ ልጁ ምግብ እያገኘ ነው ብለን ተቀምጠናል። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ብጠራውም ጥቅም የለው፣ ሌላ ቦታም ያው ነው።

እኛ አገር እኮ ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው «ግሉኮስ ተሰቅሎለታል» ከተባለ ይረጋጋል፣ ፊቱ ራሱ ይፈታል። ስለዚ ሂሳቡን እንስራው፣ ከባድ አይደለም። 10 ፐርሰንት ግሉኮስ ማለት 100 ሚሊ ውሃ ውስጥ 10 ግራም ስኳር ነው፣ ከሱ የሚገኘው ጉልበት 34 ካሎሪ ገደማ። ይሄ ልጅ በቀን 300 ሚሊ ቢሰቀልለት 100 ካሎሪ አገኘ። የሚያስፈልገው ግን በኪሎ 100 እና ከዛ በላይ ነው፣ በሱ ክብደት በቀን ከ260 ያላነሰ። ግማሹ እንኳን አልሞላም ማለት ነው። እሱም ስኳር ብቻ ነው፣ ፕሮቲን ዜሮ፣ ቅባት ዜሮ፣ ዚንክ ዜሮ። ቁስል የሚጠግነው ፕሮቲን ነው፣ አንጀት የሚያሳድገውም ፕሮቲን ነው፣ ሕፃን ልጅ በቀን በኪሎ ወደ 3 ግራም ይፈልጋል፣ ከውጪ ካልመጣለት የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል። ጭኑን ነክተሽ ታውቂዋለሽ፣ ቆዳው ይላላል፣ እንደ ሰፊ ካልሲ።

ይሄ ነገር አሁን ጉዳይ የሆነው ለምንድነው ካላችሁ፣ ድሮ እነዚ ልጆች እኛ ጋ አይደርሱም ነበር። ቤት ውስጥ ወይ መንገድ ላይ ይሞታሉ፣ «ሆዱን ነፍቶት ሞተ» ይባላል፣ አለቀ። ዛሬ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አለ፣ አምቡላንስ አለ፣ የሚቀድ ሰርጀን አለ። በ2014 ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ባዷቸውን ከቀሩ በኋላ እንኳን አልጋውም ማሞቂያውም ቀስ በቀስ ተመልሷል። ልጁን ከቢላው ስር በህይወት እናወጣዋለን፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው የወራት ስራ ግን ባለቤት የለውም። የኔ ክርክር እዚ ላይ ነው፦ አንጀቱ የተቆረጠ ሕፃን ዋናው ህክምናው ምግቡ ነው፣ ኦፕሬሽኑ የመጀመሪያው ቀን ስራ ነው።

እስቲ ከአንጀቱ እንጀምር። በጊዜው የተወለደ ልጅ ትንሹ አንጀቱ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፣ ዘርግተሽ ብትለኪው የልጁን ቁመት አምስት እጥፍ ይሆናል። ያለጊዜው የተወለደው ግን ከዛ ግማሹን ቢይዝ ነው፣ በእርግዝናው የመጨረሻ ሶስት ወር ነው እጥፍ የሚሆነው። ከዚ ላይ ብዙው ሲቆረጥ፣ ወይ ሲፈጠርም አጭር ሲሆን፣ የቀረው ምግብና ውሃ መጦ ልጁን ማሳደግ ሲያቅተው ነው «ሾርት ባወል» የሚባለው። መንስኤው ብዙ ነው፣ ያለጊዜያቸው በተወለዱት ላይ አንጀት የሚያበሰብሰው ኔክ የምንለው በሽታ አለ፣ ሲወለድ ጀምሮ አንጀቱ የተዘጋ ወይ ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ ውጪ የሚወጣ አለ፣ ትንሽ ከፍ ያሉት ላይ ደግሞ አንጀት አንጀት ውስጥ ይገባና ዘግይተው ስለሚመጡ በስብሶ ይገኛል። እንደኛ ልጅ የተጠማዘዘም አለ።

ስንት ሴንቲ ቀረ ብቻ ሳይሆን የቱ ቀረ የሚለውም ወሳኝ ነው። የታችኛው ክፍል፣ ኢሊየም፣ ቢ12 እና የሀሞት ጨው የሚመጥ እሱ ብቻ ነው፣ ግን ደግሞ የላይኛው ሲቆረጥ ስራውን ተክቶ መስራት የሚችል ጎበዝ ነው፣ የላይኛው ለታችኛው እንደዛ አይተካም። በትንሹና በትልቁ አንጀት መሀል ያለችው በር ከተረፈች ትልቅ ነገር ነው፣ ምግቡን ትንሽ ታቆየዋለች፣ ከትልቁ አንጀት ባክቴሪያ ወደ ላይ እንዳይወጣም ትከለክላለች። የኛ ልጅ 70 ሴንቲ ገደማ ቀርቶለታል፣ በሩም አለ፣ ትልቁ አንጀቱም ሙሉ ነው። ሰርጀኑ ይሄን በወረቀቱ ላይ ፅፎት ነበር፣ ስንት እንደቆረጠ ሳይሆን ስንት እንዳስቀረ። ብዙ ወረቀት ላይ ይሄ አይፃፍም፣ «የሞተው አንጀት ተቆረጠ» ይላል፣ በቃ፣ በኋላ ልጁን የምትመግቢው አንቺ ግን በሱ ምን ታደርጊበታለሽ?

እዚ ጋ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ ምክንያቱም ያናድደኛል። ልጁ እኛ ጋ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ አረንጓዴ ያስታውከው ነበር። አያቱ «ሀሞቱን ነው የተፋው» አሉ፣ ልክ ናቸው፣ በትክክል ሀሞት ነው። ቅቤ አላሱት። በነጋታው የሄዱበት ጤና ጣቢያ ጉንፋን ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሳቸው። ጨቅላ ልጅ አረንጓዴ ካስታወከ አንጀቱ ሊሆን ይችላል የተጠማዘዘው፣ ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚሞተው፣ ያኔውኑ ኦፕሬሽን ወደሚሰራበት መሄድ አለበት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መኪናም ልመና ቢሆን። ያ ሁለት ቀን ስንት ሴንቲ አንጀት እንደበላ ማን ያውቃል።

ወደ ምግቡ። አንጀት የሚገርም ነገር አለው፣ ከተቆረጠ በኋላ በቀናት ውስጥ የቀረው ራሱን ማስተካከል ይጀምራል፣ ይሰፋል፣ ውስጡ ያሉት እንደ ምንጣፍ ፀጉር ያሉ ነገሮች ይረዝማሉ፣ ይሄ አንድና ሁለት አመት ከዛም በላይ ይቀጥላል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፣ ምግብ በውስጡ ማለፍ አለበት። ባዶ የተቀመጠ አንጀት ይመነምናል። ስለዚ «አንጀቱ ይረፍ» እያልን ሳምንታት ማስራብ ማለት ልጁን ከሚያድነው ነገር መከልከል ነው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ አንጀቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ ሰርጀኑ እሺ ሲል፣ ወዲያው በትንሹ ይጀመራል።

ትንሹ ስንት ነው? በኪሎ በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊ። ለኛ ልጅ 20 ብንይዝ በቀን 52 ሚሊ፣ በሰዓት 2 ሚሊ። ጀባ ሲሉሽ የምትጠጫት አንዲት ስኒ ቡና ከዚ ትበልጣለች፣ እሷን ለ24 ሰዓት ማካፈል ነው እንግዲ። ፓምፕ ቢኖር ጥሩ ነው፣ የለንም፣ ስለዚ የሲሪንጁን መግፊያ አውጥተን ሲሪንጁን ከኤንጂ ቲዩቡ፣ በአፍንጫው ወደ ጨጓራው ከገባው ቀጭን ቱቦ፣ ጋር አያይዘን ከፍ አድርገን በፕላስተር እንለጥፈዋለን፣ ወተቷ ቀስ እያለች በራሷ ትወርዳለች። ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ ቅባቷ ተለጥፎ ይቀራል፣ እሷም እንዳትቀር በመጨረሻ እናትየው በጣቷ ሲሪንጁን ታንኳኳዋለች። ይሄን ማንም አላስተማራትም።

ወተቱ የእናት ወተት ነው፣ በዚ ላይ ክርክር የለኝም። የአንጀትን ግድግዳ የሚያሳድጉ ነገሮች አሉት፣ ኢንፌክሽን የሚከላከል አለው፣ ቅባቱ ለመመጠጥ ይቀላል፣ ነፃ ነው። የእናት ወተት ከጠፋ ወይ ካልተስማማው ፕሮቲኑ ተፈጭቶ ያለቀ፣ አሚኖ አሲድ ፎርሙላ የሚባል አለ፣ ለነዚ ልጆች የተሰራ፣ ደሴ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረሽ አታገኚውም፣ ብታገኚው የገበሬ ቤት አይገዛውም። ስለዚ የእናትየው ጡት እንዳይደርቅ መጠበቅ ራሱ ህክምና ነው። ልጇ ስለማይጠባ ጡቷ «አያስፈልግም» ብሎ ያቆማል፣ በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በቀን 8 ጊዜ ማለብ አለባት፣ ለዛ ደግሞ መብላት አለባት። እሷ ኮሪደር ላይ ጋቢ ደርባ ተኝታ፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ደግሞ ያው፣ ታዲያ ከየት ይምጣ? የክፍሉ ሰው አዋጥቶ ምሳ ማስመጣት የጀመርነው በዛ ሰሞን ነው። በየቀኑ ደግሞ ትንሽ አፉ ላይ እንዲቀምስ ይደረጋል፣ ጥቂት ጠብታም ብትሆን፣ ወራት በቱቦ ብቻ የበላ ልጅ በኋላ ማንኪያ ሲያይ ይጮሃል፣ አፉን ይረሳዋል።

ከዛ መለካት ነው፣ የገባውንም የወጣውንም። ልጁ ስቶማ አለው፣ አንጀቱ ሆዱ ላይ ወጥቶ ሰገራው በዛ ነው የሚወርደው። ቦርሳው ሲገኝ በቦርሳ፣ ሳይገኝ በጎዝ። ጎዙን ደረቁን ትመዝኚያለሽ፣ ሲርስ ትመዝኚያለሽ፣ 1 ግራም 1 ሚሊ ነው ብለሽ ትይዣለሽ። በቀን በኪሎ ከ40 ሚሊ እስካልበለጠ፣ ለሱ ወደ 100 ሚሊ ማለት ነው፣ ወተቱን ትጨምሪያለሽ፣ ሲበልጥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ። ወደ ኋላ መመለስና ማቆም ይለያያል፣ ይሄን ለተረኛ ሁሉ ማስረዳት ከባዱ ስራ ነው፣ ሌሊት ተቅማጥ በዛ ብሎ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ግሉኮስ የሚሰቅል ሰው ሁሌም አለ። የታችኛው አንጀት አፍም ሆዱ ላይ ከወጣ፣ ከላይኛው የወጣውን ተቀብሎ ንፁህ በሆነ መንገድ ቀስ አድርጎ በታችኛው መልሶ ማስገባትም ይቻላል። ሲሰሙት ይቀፋል አይደል? እኔም ቀፎኝ ነበር፣ ግን ውድ መሳሪያ አይጠይቅም፣ ተኝቶ የነበረው አንጀት ስራ ያገኛል፣ ልጁ ጨውና ሀሞቱ ይመለስለታል።

ጨው ካነሳሁ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚ ጋ ነው። በስቶማ የሚወጣው ፈሳሽ በሊትር ወደ 100 ሚሊሞል ሶዲየም ይዞ ይወጣል፣ የእናት ወተት ደግሞ በሊትር ያላት 7 ገደማ ነው። የሚወጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ስለዚ ካሎሪው ሞልቶ እንኳን ልጁ ኪሎ አይጨምርም፣ ሶዲየም ያጣ ሕፃን አያድግም። ደም ብትመረምሪ ኖርማል ሊልሽ ይችላል፣ ኩላሊቱ አጥብቆ ስለያዘው። የሽንቱን ሶዲየም ነው ማየት፣ ከ20 በታች ከሆነ ልጁ ጨው እየለመነ ነው። የኛ ልጅ ለ9 ቀን 2.7 ላይ ቆሞብን ነበር፣ የሽንቱ ውጤት 8 መጣ፣ ዶክተሩ አስልቶ ጨው በአፉ ጀመርንለት፣ ከአራት ቀን በኋላ ሚዛኑ ነቃ። የወጥ ቤት ጨው በግምት ማለቴ ግን አይደለም፣ ኧረ በአላህ፣ ሲበዛም ይገድላል። ቤት የገባ ልጅ ተቅማጡ ሲበዛ ኦአርኤስ ነው መፍትሄው፣ በሊትር 75 ሶዲየም ከ75 ግሉኮስ ጋር፣ ሁለቱ ተያይዘው ነው በአንጀት ግድግዳ የሚያልፉት፣ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ፣ ሳይበዛ ሳያንስ። ባዶ ውሃ፣ ሻይ፣ ስኳር ውሃ፣ ጁስ፣ እነዚ ሁሉ ያለውንም ጨው ጠርገው ነው የሚወጡት።

አሁን ጥያቄው፣ ወተቱ ከ2 ሚሊ ተነስቶ ሙሉ እስኪሆን ያለውን ሳምንትና ወር ልጁ በምን ይኖራል? በቲፒኤን ነው መኖር ያለበት። ማለትም ግሉኮስ ብቻ ሳይሆን አሚኖ አሲድ፣ ቅባት፣ ማዕድን፣ ቫይታሚን ተቀምሞ በደም ስር። አዲስ ነገር አይደለም፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ መጨረሻ ፊላደልፊያ ውስጥ እነ ስታንሊ ዱድሪክና ዳግላስ ዊልሞር መጀመሪያ የውሻ ቡችሎችን በደም ስር ብቻ አሳድገው ካሳዩ በኋላ ትንሹ አንጀቷ ከሞላ ጎደል ያልተፈጠረላትን ጨቅላ በዚሁ መንገድ እንድታድግ አድርገዋል። ግማሽ ምዕተ አመት አለፈው። አደጋም አለው፣ መስመሩ ከተበከለ ልጁ በደም ኢንፌክሽን በአንድ ሌሊት ይሄዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ጉበቱን ያበላሻል፣ በተለይ ከአኩሪ አተር የሚሰራው ቅባት። ለዛ ከዓሳ ዘይት የሚሰራ ቅባት መጣ፣ አሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ ፈቀደችው (የሀይቅ ዓሳ ቀቅሎ ማጠጣት ማለት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ አንድ አባት ጠይቆኛል)። አንጀት የሚያሳድግ መርፌም አለ፣ አንጀት የሚያስረዝም ኦፕሬሽንም አለ፣ ለኛ ገና ሩቅ ስለሆነ አልቆይበትም።

ሙሉ ቲፒኤን እኛ ጋ የለም። አዲስ አበባ ሪፈር ይባላል፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር፣ እዛም ቢሆን እንደልብ የሚገኝ አይደለም፣ አልጋ ተደውሎ ነው፣ ልጁም መንገዱን ላይችለው ይችላል። የኛውን ልጅ ያቆየነው በግማሽ መንገድ ነው፣ አሚኖ አሲዱን አንድ ዘመዳቸው አዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከላቸው፣ አጎትየው መናኸሪያ ሄዶ ከረዳቱ ተቀበለው፣ ለ11 ቀን በቃን፣ በእጁ ደም ስር ከግሉኮስ ጎን ሰጠነው። ሁለት ሊትር እንኳን በማይሞላ ጠርሙስ የአንድ ልጅ ህይወት በአውቶቡስ ስትመጣ ያው አንጀት ይበላል፣ ግን ይሄ ሲስተም አይደለም፣ ዕድል ነው። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለውስ?

«በሺ የሚቆጠር ሕፃን በሚሞትበት አገር ለጥቂት ልጆች ይሄ ሁሉ?» የሚል ሰው አውቃለሁ፣ አንዱ አለቃዬ ነበር። ጥያቄው ተራ አይደለም፣ የ2019 እ.ኤ.አ የጤና ዳሰሳ በህይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ ነው ያገኘው፣ ብዙዎቹ አንጀት የተቆረጡ አይደሉም። የኔ መልስ ግን፣ እነዚ ነገሮች የሌላውም ልጅ ናቸው። የእናት ወተት ማለብና መለካት ያለጊዜው ለተወለደው ሁሉ ነው፣ አሚኖ አሲድ 1 ኪሎ ለሆነችው ልጅም ነው፣ ንፁህ መስመር ለሁሉም ነው፣ የሶዲየም ምርመራ ለሁሉም ነው። ከአፋር ድረስ በሽተኛ የምትቀበል ከተማ ቢያንስ አሚኖ አሲድና ቅባት በመጋዘኗ ቢኖራት፣ ተቀምሞ የታሸገው ባለ ሶስት ክፍል ከረጢት አለ፣ እሱ ቢገባ፣ እና እነዚን ልጆች ከክፍል እስከ ቤት ስም በስም የምትከታተል አንዲት ነርስ ብትመደብ፣ ግንባታም አይጠይቅም።

ነርሷን ያነሳሁት ቤት ከገቡ በኋላ የሚሆነውን ስላየሁ ነው። ሌላ ልጅ ነበር፣ ሴት፣ በአራት ወሯ ከስታ መጣች፣ ክንዷ ተለካ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ተብላ ተኛች፣ ፕሮቶኮሉ ተከፈተ፣ ወተቱ በቁጥሩ ተሰጣት፣ ተቅማጡ እንደ ቧንቧ። ሶስት ቀን ሙሉ ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ማንም አልጠየቀም። ከዛ በፊት ደግሞ ሰፈር ውስጥ ተቅማጡ የግግ ነው ተብሎ ድዷ ተፈልቅቋል። እናትየዋን አልፈርድባትም፣ ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት «ቀጠሮ ከአንድ ወር በኋላ» ብቻ ነበር የሚለው። ለምን ተቅማጥ እንደሚበዛባት፣ ስንት ጊዜ ሲሆን መምጣት እንዳለባት፣ ትኩሳት ካለ ያኔውኑ እንደሆነ፣ ኢሊየሟ ስለተቆረጠ ቢ12 በመርፌ እንደምትፈልግ፣ አንዱም አልተነገራትም። ቢ12 ተንኮለኛ ነው፣ ከእናቱ የያዘው እስኪያልቅ ወራት ይቆያል፣ ሁሉም ሰው ረስቶት ሳለ ነው የሚመጣው።

ልጁ፣ የለጋምቦው፣ ስቶማው ተዘግቶለት በሰባት ወሩ ለክትትል መጣ። 5.4 ኪሎ፣ ለእድሜው ትንሽ ነው፣ ግን ይስቃል፣ ስቴቶስኮፔን ይዞ አልለቅም አለ። ምግብ ስለጀመረ አያቱን ይዘን ቁጭ አልን፣ ቤት ውስጥ ወሳኟ እሳቸው ናቸዋ። አጥሚቱን በስኳር ነበር የሚያጣፍጡለት፣ እሱን ይተዉት አልኳቸው፣ ስኳር አንጀቱ ውስጥ ውሃ ይስባል፣ ማርም አመት ሳይሞላው አይሆንም። ድንች፣ ሩዝ፣ እንቁላል፣ የተፈጨ ስጋ፣ ካሮት ተቀቅሎ፣ ገንፎ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ፣ አንድ አዲስ ነገር ሲጀመር ሰገራውን ሶስት አራት ቀን እያዩ። ሁሉንም በጥሞና ሰሙኝ።

«ቅቤውስ?» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ያኔ በማላሳቸው የተቆጣሁት ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ።

«ቅቤው አሁን ይሁን እማማ፣ ገንፎው ላይ ትንሽ ጠብ ያርጉለት» አልኳቸው። ቅባት ውሃን እንደ ስኳር አይስብም፣ ጉልበቱም ብዙ ነው።

እናትየዋን ዞር ብለው አይተው «አላልኩሽም?» አሏት።